ኢሲጂው «ደህና» ሲል ልብ ግን ሲደልቅ፦ የጭንቀት ህመምን ለመረዳትና ለመታከም ዝርዝር መመሪያ

ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) ተነስቷል። ለምርመራ ደም ተሰጥቷል። የጨጓራ መድኃኒት ተውጦ አልቋል። ሐኪሙ «ምንም የለብህም» ብሏል። ልብ ግን አሁንም ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይደልቃል። ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አለ፤ አራዳም፣ ማራኪም፣ አዘዞም። «ምንም የለብህም» ደግሞ ብዙ ጊዜ ትክክለኛ መልስ አይደለም። የሆነ ነገር አለ። ስም አለው፤ ህክምናም አለው።

ከመጀመሪያው ጥርጣሬ እስከ ክትትል ድረስ ምን እንደሚደረግ በቅደም ተከተል ላሳያችሁ። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ያዙልኝ። ከፈራነው ነገር በሸሸን ቁጥር ጭንቀቱ ይጠነክራል። ህክምናው በአብዛኛው ይህን ሽሽት በዘዴ ማስቆም ነው።

ደረጃ 1፦ ስጋቱን መዝኑት

መፍራት በራሱ በሽታ አይደለም። ተኩስ በተሰማበት ቀን ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ በር በር ማየት ጤነኝነት ነው። ሰብሉ ሳይሰበሰብ ዝናብ የመጣበት ገበሬ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ያልደረሰለት ተማሪ፣ ሁሉም ምክንያት አላቸው። ምክንያቱ ሲያልፍ ስጋቱም አብሮ ያልፋል።

ህመም የሚባለው ሦስት ነገር ሲገጥም ነው። ስጋቱ ከአደጋው ጋር አይመጣጠንም። ብዙውን ጊዜ ለወራት ይቆያል። ኑሮንም ያሰናክላል፤ ከሥራ፣ ከለቅሶ ቤት፣ ከማኅበር ያስቀራል። ለእኔ ዋናው ሦስተኛው ነው። እናቱን ለመጠየቅ ደባርቅ መሄድ ያቆመ ሰው፣ ምክንያቱ «መኪና ውስጥ ያፍነኛል» ከሆነ መታየት አለበት።

ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። አእምሮ ውስጥ አሚግዳላ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። አደጋ ሲመስለው መልእክት ይልካል፤ አድሬናሊን ይረጫል። ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ሆድ ይገለባበጣል፣ እጅ ያልበዋል። ሰውነት ለሩጫ ወይም ለትግል እየተዘጋጀ ነው። ጥሩ የግቢ ውሻ ሌባ ሲያይ ይጮኻል። የጭንቀት ህመም ያለበት ሰው ውሻ ግን በእንግዳውም፣ በጎረቤቱም፣ በነፋሱም ላይ ይጮኻል። ውሻው አይገደልም፤ ይገራል እንጂ።

ትንፋሽ ሲፈጥን ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ውስጥ ከልክ በላይ ይወጣል። ጣት የሚደነዝዘው፣ ከንፈር የሚነዝረው፣ ራስ የሚዞረው በዚህ ነው። ሰውየው «አየር አጠረኝ» ይላል። የሚተነፍሰው ግን ከሚያስፈልገው በላይ ነው።

ደረጃ 2፦ ሰውነታችሁን አስመርምሩ፣ ግን አንዴ

ጭንቀት የሚመስሉ የሰውነት ህመሞች አሉ። የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ይከሳል። እንቅርት ያለባት ሴት ይህ ሳይታይላት «ጭንቀት ነው» ተብላ መሸኘት የለባትም። ደም ማነስ፣ የልብ ምት መዛባት፣ የስኳር መውረድና አስምም ይመሳሰላሉ። ለአስም የሚነፋው ሳልቡታሞል ራሱ ልብ ያስመታል። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ሄሞግሎቢንና ስኳር ይታይላችሁ። ሐኪሙ ካመነበት የታይሮይድ ምርመራና ኢሲጂ ይጨመር።

አንዳንድ ምልክት ቀጠሮ አይጠብቅም። ዳገት ሲወጡ የሚመጣ የደረት ሕመም፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ራስን መሳት፣ የአንድ ጎን አካል መስነፍ፣ እግር አብጦ ትንፋሽ ማጠር፣ እነዚህ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ያስኬዳሉ።

«አንዴ» ያልኩት በምክንያት ነው። ውጤቱ ደህና ከሆነ በኋላ በየወሩ ኢሲጂ መነሳት ሌላ ዓይነት ሽሽት ነው። ለሁለት ቀን ያረጋጋል፤ በሦስተኛው ቀን «ያ ማሽን ባይሠራስ?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ስንቱ ሰው ገንዘቡን በዚህ መንገድ እንደጨረሰ ቤቱ ይቁጠረው።

ደረጃ 3፦ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ

የመጀመሪያው ሁሉን አቀፍ ጭንቀት ነው። ሰውየው ስለ ገንዘብ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ነገ ያስባል፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይተካል። ቢያንስ ለ6 ወር፣ አብዛኛውን ቀን። ድካም፣ የትከሻና የአንገት መወጠር፣ ቶሎ መቆጣት፣ የእንቅልፍ መቆራረጥ አብረው ይመጣሉ። እኛ ዘንድ ይህ ሰው «አሳቢ ነው» ተብሎ ይመሰገናል። ስለዚህ ዘግይቶ ይታከማል።

ሁለተኛው የፓኒክ ህመም ነው። ከየት መጣ ሳይባል ልብ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ «ሞትኩ» ወይም «አበድኩ» ያሰኛል። ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ይወርዳል። አንዴ የመጣበት ሰው ሁሉ ታማሚ አይደለም። ህመም የሚባለው ከአንድ ጊዜ በላይ መጥቶ፣ «መቼ ይደገምብኝ ይሆን» የሚለው ፍርሃት ለአንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ኑሮ ሲያስቀይር ነው። ይህ ሰው ገበያ፣ ሚኒባስ፣ የቅዳሴ ሰልፍ፣ የጥምቀት ለት የፋሲል ጥምቀተ ባሕር አካባቢ ያለውን ግፊያ መሸሽ ይጀምራል። ሽሽቱ ሲሰፋ አጎራፎቢያ የሚባል የራሱ ስም ያለው ህመም ይሆናል።

ሦስተኛው ማኅበራዊ ፍርሃት ነው። ሰው ፊት መናገር፣ ሰው እያየ መጉረስ፣ ስብሰባ ላይ ስም ማስተዋወቅ ሲኦል ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና ነው። «ጨዋ ልጅ፣ አንገቱን የደፋ» እየተባለ ስለሚያልፍ ቤተሰብ አያየውም። መምህራን ግን ሊያዩት ይችላሉ፤ መልሱን እያወቀ እጁን የማያወጣው ልጅ ነው።

የተለየ ነገር መፍራትም አለ፤ ውሻ፣ ከፍታ፣ መርፌ። መርፌና ደም የሚፈራ ሰው ከሌሎቹ ይለያል። ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል፤ ስለዚህ ጋደም ብሎ ይወጋ።

ክፉ ነገር ያየ ሰው የሚይዘው፣ ቅዠትና ትዝታ የሚያመላልሰው ህመም፣ እንዲሁም እጅን ደጋግሞ የሚያሳጥበው ዓይነት ከጭንቀት ጋር ቢዛመዱም የየራሳቸው ህክምና አላቸው። የደረሰባችሁን ለሐኪሙ ንገሩት። ካልነገራችሁት መንገዱ ይጠፋዋል።

ደረጃ 4፦ በቁጥር ያዙት

ጋድ 7 የሚባል 7 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ። ባለፉት 2 ሳምንታት እነዚህ ምን ያህል አስቸገሯችሁ ይላል። መረበሽ ወይም መጨነቅ፤ ጭንቀትን ማቆም አለመቻል፤ ስለ ብዙ ነገር ከልክ በላይ ማሰብ፤ ዘና ማለት መቸገር፤ አርፎ መቀመጥ ማቃት፤ በቀላሉ መናደድ፤ ክፉ ነገር ይመጣል ብሎ መፍራት። ፈጽሞ ካልነበረ 0፣ ጥቂት ቀናት 1፣ ከግማሽ በላይ ቀናት 2፣ በየቀኑ ለማለት የሚቻል 3። ድምሩ ከ21 ነው። ከ5 ጀምሮ ቀላል፣ ከ10 ጀምሮ መካከለኛ፣ ከ15 ጀምሮ ከባድ ይባላል። 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ቁጥሩ ምርመራን አይተካም። ከህክምና በኋላ ለውጡን ለማየት ግን ይረዳል፤ ቀን ጽፋችሁበት አስቀምጡት።

«ለምን እኔን?»

አንድ ምክንያት የለውም። ዘር አለበት። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የዘርን ድርሻ ከ30 እስከ 40 በመቶ አካባቢ ያደርጉታል። የቀረው ኑሮ ነው፤ በልጅነት የደረሰ በደልና ጭካኔ፣ ሞት፣ መፈናቀል፣ የረጅም ጊዜ ህመም፣ ሥራ ማጣት። ሴቶች ከወንዶች በእጥፍ ገደማ ይያዛሉ። የእምነት ማነስ ግን ከምክንያቶቹ ውስጥ የለም። ይህን የምለው ብዙ ሰው ራሱን በዚህ ሲገርፍ ስለማይ ነው።

ደረጃ 5፦ የምትጠጡትንና የምትቅሙትን ቁጠሩ

እዚህ ላይ ልትጣሉኝ ትችላላችሁ። ካፌይን የሚያደርገው ሥራ አድሬናሊን ከሚያደርገው ይቀራረባል። ከአቦል እስከ በረካ የጠጣ ሰው ልቡ ቢመታ አይገርምም። ካፌይን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። 10 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና አለ። ሙሉ በሙሉ ተው አልልም። ጎንደር ላይ ቡና መተው ጎረቤት መተው ነው። ከቀትር በኋላ አቦልን ብቻ ጠጥታችሁ ቁጭ በሉ፤ ጨዋታው አይቀርባችሁም። ስትቀንሱ ቀስ በቀስ ይሁን፤ በአንዴ ካቆማችሁት ራስ ምታት ያመጣል።

ጫት የባሰ ነው። በውስጡ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕፅ ዘመድ ነው። ምርቃናው ሲያልፍ ጭንቀቱ፣ ድብርቱና እንቅልፍ ማጣቱ ይከተላሉ። ከዚያ ለመስበር ጨብሲ፣ ማለትም መጠጥ፣ ይመጣል። አልኮል ማታ ያረጋጋል፣ ጠዋት ግን እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ሰውየው እንደገና «ጭንቀቴ ባሰ» ይላል። በየቀኑ አረቄ የሚጠጣ ሰው ግን በድንገት በራሱ አያቁም። የሚጥል ህመም ሊያመጣ ይችላል፤ ሐኪም ይከታተለው።

ደረጃ 6፦ ወደ ህክምና ስትሄዱ

መነሻው ጤና ጣቢያ ነው። የጤና መድን ደብተር ያላችሁ ከጤና ጣቢያው ሪፈር አጽፉ፤ ያለ ሪፈር ሆስፒታል ከሄዳችሁ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ህክምና ክፍል አለው። ዩኒቨርሲቲው በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተ ነው። የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችንም ያሠለጥናል፤ ስለዚህ ተማሪ ሐኪም ብዙ ጥያቄ ቢጠይቃችሁ አትበሳጩ። ብዙውን ጊዜ ረዘም ያለ ጊዜ የሚሰጣችሁ እሱ ነው።

ካርድ አውጥታችሁ ስትገቡ «ጨጓራዬን ነው» ወይም «ነርቭ ነው» ብቻ አትበሉ። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «ዶክተር፣ ከሁለት ወር ወዲህ በሳምንት ሦስት ጊዜ ያህል ልቤ በድንገት ይደልቃል። አሥር ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ሚኒባስ መሳፈር ትቻለሁ። ኢሲጂና ደም ተመርምሬ ደህና ተብያለሁ።» መቼ፣ ስንት ጊዜ፣ ስንት ደቂቃ፣ ምን አስተወኝ። አራቱ ካሉ ሐኪሙ ግማሹን ሥራ ጨርሷል። የምትወስዱትን መድኃኒት ማሸጊያ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን ይዛችሁ ሂዱ። እርጉዝ ከሆናችሁ፣ አስም ካለባችሁ፣ ወይም ለቀናት ሳትተኙ ጉልበት የሞላባችሁ ጊዜ ከነበረ ተናገሩ። የመጨረሻው የመድኃኒት ምርጫን ይቀይራል።

ደረጃ 7፦ በዘዴ መመለስ

የንግግር ህክምና፣ በተለይ ሐሳብና ድርጊት ላይ የሚሠራው፣ ለጭንቀት በደንብ የተፈተነ ህክምና ነው። ብዙ ጊዜ በሳምንት አንዴ፣ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይሰጣል። ባለሙያው ጥቂት ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው። ዋናውን ክፍል ግን ቀላል ጭንቀት ያለበት ሰው ቤቱ ሊጀምረው ይችላል።

አንዲት የአዘዞ ልጅ እናስብ። ሥራዋ ፒያሳ ነው። አንድ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ፓኒክ መጣባት። «ወራጅ አለ!» ብላ ወረደች። እንደወረደች ቀለላት። አእምሮዋ ግን አንድ ነገር ተማረ፦ ያዳነኝ መውረዴ ነው። በማግስቱ ባጃጅ ኮንትራት ያዘች። ከሳምንት በኋላ እህቷ ካልሸኘቻት አትወጣም።

መመለሻው የሚጀምረው ከወረቀት ነው። የምትፈራቸውን ነገሮች ትጽፋለች፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 100 የፍርሃት ነጥብ ትሰጣለች። መነኸሪያ ቆሞ ሚኒባስ ማየት 20። ቆሞ ያለ ሚኒባስ ውስጥ መቀመጥ 35። ከእህቷ ጋር አንድ ፌርማታ 45። ብቻዋን በር አጠገብ እስከ ማራኪ 60። ብቻዋን ከኋላ ወንበር መሐል ተጨናንቃ እስከ ፒያሳ 90። ከ20 ትጀምራለች። በሳምንት ብዙ ቀን፣ አንዱ ሳይለመድ ሁለተኛው አይነካም።

እዚህ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ጫፍ ላይ ስትደርስ «ወራጅ አለ» ማለት የለባትም። ፍርሃቱ ይወጣል፣ ይቆማል፣ ይወርዳል። መውረዱን ራሷ ማየት አለባት። እስኪወርድ ካልቆየች የድሮው ትምህርት ይታደሳል። ከመሳፈሯ በፊት «ምን ይሆናል ብዬ ፈራሁ?» ብላ ትጻፍ፤ «እወድቃለሁ» ካለች፣ ስትመለስ «ወደቅሁ ወይ?» ትበል። የውሃ ኮዳ መጨበጥ፣ ስልክ ላይ ከሰው ጋር እያወሩ መጓዝ፣ ሁልጊዜ በር ዳር መቀመጥ ስውር ሽሽቶች ናቸው። መጀመሪያ ላይ ይፈቀዳሉ፤ በኋላ አንድ በአንድ ይጣላሉ።

ትንፋሽን ማዘግየት ይረዳል፤ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ማስገባት፣ በአፍ እስከ 6 እየቆጠሩ ማስወጣት፣ ለ5 ደቂቃ። መንገድ ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ ተረጋግታችሁ ሳላችሁ ተለማመዱት። ሁሉን አቀፍ ጭንቀት ላለበት ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። ቀን ቀን የሚመጣውን ሐሳብ በአንድ መስመር ይጻፍና እስከ 11 ሰዓት ያቆየው። 11 ሰዓት ላይ 20 ደቂቃ ተቀምጦ ያስብበት። ግማሹ እስከዚያ ረግቦ ያገኘዋል። በሳምንት አብዛኛውን ቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድም ጥቅሙ ቀላል አይደለም። የጎንደር ዳገት ያለ ክፍያ ጂም ነው።

ደረጃ 8፦ መድኃኒት

በመጀመሪያ የሚታዘዙት እንደ ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን ያሉ ናቸው። ሱስ አያሲዙም። በትንሽ መጠን ተጀምረው ቀስ እያሉ ይጨመራሉ። የሚያስቸግረው ለውጥ ለማምጣት ከ2 እስከ 6 ሳምንት መፍጀታቸው ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ አንዳንዴም የባሰ መረበሽ ይኖራል። ብዙ ሰው «አልተስማማኝም» ብሎ የሚተወው በዚች ሳምንት ነው። አትተዉ፤ ደውሉ ወይም ተመልሳችሁ ጠይቁ። ከ25 ዓመት በታች ያሉ ወጣቶች ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊጨምር ስለሚችል ቤተሰብ ቀረብ ብሎ ይከታተል። የወሲብ ፍላጎት መቀነስም የታወቀ ነው። አፍራችሁ አትደብቁ፣ መፍትሔ አለው።

ከተሻላችሁ በኋላ ቢያንስ ከ6 እስከ 12 ወር ይቀጥላል። የሚቆመውም በሐኪም ምክር፣ በሳምንታት ውስጥ እየተቀነሰ ነው። በአንድ ቀን ያቆመ ሰው ራስ መዞርና እንደ ኤሌክትሪክ ንዝረት ያለ ስሜት ሊገጥመው ይችላል።

ዲያዚፓም ወዲያው ያረጋጋል። ችግሩም እሱ ነው። ለአጭር ጊዜ ካልሆነ ሰውነት ይለምደዋል፣ መጠን ያስጨምራል፣ ከአልኮል ጋር ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ከጓደኛ ወይም ያለ ወረቀት ገዝታችሁ አትዋጡ። ፕሮፕራኖሎል ለእጅ መንቀጥቀጥና ለልብ ምት ይሰጣል፤ አስም ላለበት ሰው ግን አደገኛ ነው።

ፀበልና ክኒን

ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንሄደው ፀበል ነው። ጸሎት፣ ንስሐ አባትን ማማከር፣ ከሰው ጋር መሆን ያጽናናል፤ ማንም ሐኪም ይህን ሊከለክላችሁ አይገባም። ችግሩ «ፀበል ላይ መድኃኒት አይወሰድም» ተብሎ ክኒኑ ሲቋረጥ ነው። የንስሐ አባታችሁን በግልጽ ጠይቁ፦ «አባ፣ ሐኪም ያዘዘልኝ አለ፤ ይፍቀዱልኝ።» በጾም ወቅት የመድኃኒቱን ሰዓት ወደ ማታ ማዞር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን አስቀድሙና ጠይቁ። ታማሚን ማሰርና መምታት ግን የትም ቢሆን ህክምና አይደለም።

ደረጃ 9፦ ቤተሰብ

«አታስቢ፣ ተይው» አይረዳም። ቢቻላትማ መች ታስብ ነበር። «እንውረድ፣ ባጃጅ ልያዝልሽ» የሚለው ደግነትም አይረዳም፤ ሽሽቱን ይመግበዋል። የሚረዳው ይሄ ነው፦ «አይዞሽ እህቴ፣ መጥቶብሻል አይደል? ያልፋል። አብሬሽ ነኝ፤ እስኪያልፍ እንቀመጥ።» ከዚያ ዝም ብሎ መቀመጥ። በሚቀጥለው ሳምንት እህትየዋ ሁለት ወንበር ራቅ ብላ ትቀመጥ። ከዚያ በሚቀጥለው ፒያሳ ቆማ ትጠብቃት።

ታማሚው «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ግን እንደ ንዴት አትለፉት። ብቻውን አትተዉት። በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። ፀረ ተባይና ክኒን ቤት ውስጥ ካለ ቆልፉት፣ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ደረጃ 10፦ ክትትል

በየቀጠሮው ጋድ 7ን ድጋሚ ሙሉና ከመጀመሪያው ቁጥር ጋር አስተያዩ። 16 የነበረው 8 ከሆነ፣ ባይጠፋም ህክምናው እየሠራ ነው። ከ6 ሳምንት በኋላ ምንም ካልወረደ መጠኑ ወይም መድኃኒቱ ሊቀየር ስለሚችል ዝም አትበሉ። ጭንቀቱ ከወራት በኋላ ቢያገረሽ ከዜሮ አትጀምሩም። የድሮውን ወረቀት አውጡና ነጥቡ 40 አካባቢ ካለው ነገር ቀጥሉ።

ከከተማ ውጭ የምትመጡ አንድ ነገር አስቀድማችሁ አስቡበት። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት መንገድ ሳይታሰብ ሊዘጋ ይችላል። ለሐኪሙ ከየት እንደምትመጡ ንገሩት፤ ከተቻለ የ2 ወይም የ3 ወር መድኃኒት በአንዴ ይጻፍላችሁ። ክኒኑ ሊያልቅ 10 ቀን ሲቀረው ማፈላለግ ጀምሩ። መድኃኒት ቤት ያው ስም ከሌለ የንጥረ ነገሩ ስም የተጻፈበትን ማሸጊያ አሳዩ። ሌላ ዓይነት ከሰጧችሁ ግን ከመዋጣችሁ በፊት ሐኪሙን ወይም በአቅራቢያችሁ ያለውን ጤና ጣቢያ ጠይቁ።